ለሰባት ሠርግ የቆመ ወፍጮ

ባለፈው እሑድ የጎረቤታችን ልጅ ሙሽራ ሆና ከቤት ስትወጣ፣ ባለቤቴ ቪዲዮ ልታነሣ ስልኳን ብታወጣ ስልኩ አሻፈረኝ አለ። ቦታ ሞልቷል ይላል። እልልታው እየቀለጠ፣ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ የምትሰርዘውን ፎቶ ትመርጣለች። «ይሄን ላጥፋው? ይሄንስ?» ስትለኝ ሳላስበው «ምንም አታጥፊ!» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ሁለት ሚዜዎች ዞረው አዩኝ። እኔ በተፈጥሮዬ የማልጮህ ሰው ነኝ። ስልኬን አቀበልኳት፣ በዚያ ቀረጸች፣ ነገሩ አለቀ። የእኔ ሐሳብ ግን ምሳው ቀርቦ እስኪነሣ ድረስ እዚያ አልነበረም። ቡራዩ፣ አንዲት የበርበሬ ሽታ የማይለያት ክፍል ውስጥ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ሰበታ ከእናቴና ከታላቅ እህቴ ጋር እኖራለሁ፤ ዓለም ገና አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ እጄ የገባው ኮምፒውተር እጅግ ያረጀ ስለነበር ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ዊንዶውስ መሸከም አቃተው፤ አንድ ደንበኛ በሲዲ የሰጠኝን፣ ሊኑክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ ሥርዓት ጫንኩበት፣ እሱን ተሸከመ። ከዚያ ወዲያ ከሊኑክስ ጋር አልተለያየንም። እዚያ ላይ ብዙው ነገር የሚሠራው ትዕዛዝ በመጻፍ ነው። አንዲት ፊደል ብትዘል፣ አንዲት ክፍት ቦታ ብትሳሳት አይሰማህም። ይሄ ሌላውን ሰው ያበሳጨዋል፤ እኔን ግን አሳረፈኝ። ሰው መካከል ምን ብዬ ወሬ እንደምጀምር የሚጠፋኝ ልጅ ነበርኩ። ኮምፒውተሩ ፊት ግን ቃሉን አጥርቶ ለተናገረ ሰው ያለው ሁሉ ይሆንለታል።

ከደንበኞቼ ሁሉ ሩቁ ቡራዩ ነበር። ጋሽ ፍቅሩ እዚያ የሠርግ ቪዲዮ ቤት አላቸው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ። ሃምሳ የተጠጉ፣ ድምፃቸው ለሦስት ሰው የሚበቃ፣ ከዕቃ ዋጋ ሳያስቀንሱ የገዙበት ቀን የሌለ ሰው ናቸው። የተቀረጸውን እየቆረጠች እየቀጠለች ፊልም የምታደርገው ሰላም ነበረች። እኩያዬ ናት፤ ምላሷ ግን የእኔን ድርሻ ጨምሮ የተሰጣት ይመስለኝ ነበር። ካሜራዎቹ ያመጡት ሁሉ የሚከማችበት አንድ ኮምፒውተር መደርደሪያ ሥር ተቀምጧል፤ ሊኑክስ ነው የተጫነበት። ሰላም «ጎተራው» ትለዋለች። እኔን የሚጠሩኝም ጎተራው ሲታመም ነው።

ከጥምቀት ማግስት ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለውን ጊዜ የሠርግ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያልቆየ ሰው አያውቀውም። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ሠርግ፣ በመካከሉ መልስ፣ ከመልሱ በኋላ ቅልቅል። የካሜራ ካርዶቹ ጥቂት ስለሆኑ የቅዳሜው ሠርግ ወደ ጎተራው ይገለበጥና ካርዱ ለእሑዱ ባዶ ይደረጋል። እንግዲህ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ የዚያ ሠርግ መኖሪያ ጎተራው ብቻ ነው። በዚያ ዓመት የካቲት ሲገባ የሰባት ቤተ ሰብ ሠርግ ጎተራው ውስጥ ነበር፤ አንዱም ገና ተሠርቶ አላለቀም። ጎተራውም ጢም ብሎ ሞላ። ሰላም ባለቤቶቻቸው የተረከቧቸውን የቀድሞ ሠርጎች ሁሉ ጠርጋ አጥፍታለች፤ የሁለቱ ኤዲት መሥሪያ ኮምፒውተሮች ሆድም ሞልቷል። ፊልሙ ተሠርቶ ሲያልቅ አንድ ላይ የሚወጣበት ቦታ ጠፋ። ማሽኑ ግማሽ ድረስ ይሄድና «ቦታ የለም» ብሎ ይቆማል።

ከሰባቱ በጣም የቸኮለው የሌንሴ ሠርግ ነበር። ሌንሴ የሱሉልታ ልጅ ናት፤ የተዳረችው ሰበታ። አባቷ ኦቦ ቶሌራ ከባድ ሕመም ጥሏቸው ሠርጉ ቀን ከቤታቸው ደጃፍ ማለፍ አልቻሉም። ልጃቸውን ወንበር ላይ ተደግፈው መርቀው ሸኟት፤ ሠርገኛው ወደ ሰበታ ሲነዳ እሳቸው ከአንዲት ጎረቤት ጋር ቤት ቀሩ። ስለዚህ ቅልቅሉ በእሳቸው ግቢ፣ በቅበላው እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ፤ ጋሽ ፍቅሩም «አባትየው ያላዩትን ሁሉ በዚያ ቀን ያያሉ» ብለው ቃል ሰጡ። ከቅበላ በኋላ ያለው ሰኞ ጾም ነው። ጾም ከገባ ደግሞ ድግስ ፋሲካን ይጠብቃል። የኦቦ ቶሌራን ፊት ያየ ሰው ፋሲካ ድረስ ይቆያሉ ብሎ ለማሰብ ይከብደው ነበር።

ጋሽ ፍቅሩ ለጎተራው መላ ያበጁት እኔን ሳይጠሩ ነው። መርካቶ ወርደው ባለ ሁለት ቴራ ሃርድ ዲስክ ገዙ፤ የድሮው አንድ ቴራ ነበር። ሻጮቹ የድሮውን ከነነፍሱ ወደ አዲሱ ገለበጡላቸው። ጥሩ ሥራ ነው፤ አንዲት ፋይል አልጎደለችም። ከዚያ በኋላ ግን የጋሽ ፍቅሩ የገበያ ፍቅር ተነሣ። አሮጌው ዲስክ እጃቸው ላይ ሥራ ፈቶ ሲያዩት አላስቻላቸውም፤ ልክ በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያለ አሮጌ ሱሪ በሰሐን እንደሚቀይረው ሰው፣ ልዋጭ ብለው ለሻጮቹ ሰጡና ከዋጋው አስቀነሱ። ሻጮቹም እዚያው ጠርገው ለሌላ ሸጡት። አዲሱ ዲስክ ቡራዩ መጥቶ ሲገጠም ጎተራው ዛሬም አንድ ቴራ ነው፣ ዛሬም ሙሉ ነው አለ።

ዓርብ ጧት ተደወለልኝ። ከሰበታ በአየር ጤና፣ በዊንጌት፣ በአስኮ አድርጌ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ቡራዩ ስደርስ የካቲት ፀሐይ መንገዱን አንድዶታል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሴቶች ከረጢት ከረጢታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ጾሙ ሊገባ ነውና ሽሮውም በርበሬውም በዚያች ሳምንት መፈጨት አለበት። አየሩ ያስነጥሳል። ጋሽ ፍቅሩ በር ላይ ቆመው በስልክ ይጮሃሉ።

«ሁለት ቴራ ብለህ አይደለም እንዴ የሸጥክልኝ?» ስልኩን ከጆሯቸው አራቅ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «መጣህ? ተሸወድን ልጄ። ፎርጅድ ዲስክ ሰጡኝ።»

«አሁን ምን እያሉ ነው?»

«አምጡትና ፎርማት አድርገን ሙሉውን እናወጣለን ነው የሚሉት። ልወስደው ነው።»

ሻጮቹ በክፋት አልነበረም። ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ሌላ ቅጂ እንደሌለውም አያውቁም፤ ፎርማት ማድረግ ደግሞ የሁሉም ሱቅ የመጀመሪያ መድኃኒት ነው።  ፎርማት ማለት ግን ያለውን ሁሉ አጥቦ ባዶ ማድረግ ነው። «አንዴ ልየው» ብዬ ገባሁና አንዲት ትዕዛዝ ጻፍኩ። መልሱ በሦስት መስመር መጣ። ዲስኩ በሙሉ ሁለት ቴራ ነው። ከዚያ ውስጥ የታጠረው አንዱ ቴራ ብቻ ነው። ቀሪው ባለቤት የለውም።

«ፎርማት አይደረግም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ፎርማት አይደረግም ጋሽ ፍቅሩ። ዲስኩ ፎርጅድ አይደለም። ሁለት ቴራው እዚሁ አለ።»

ሰላም ወንበሯን አዞረች። «ኧረ! ይሄ ልጅ ድምፅ አለው እንዴ? እኔ እኮ ቻርጀር የተሰካበት ዕቃ መስሎኝ ነበር።»

ጋሽ ፍቅሩ ስልኩን ዘጉና እንዳስረዳቸው ጠየቁ። የማውቃቸው ቃላት ሁሉ የእንግሊዝኛ ናቸው፤ በአማርኛ አስረድቼ አላውቅም። መስኮቱ ማዶ የቆርቆሮ አጥር ሳይ ግን መንገዱ ተገለጠልኝ።

«እርስዎ አንድ ግቢ ነበርዎት እንበል፣ ግቢው ቤት በቤት ሆኖ ሞላ። ከጀርባው ሌላ ያንኑ የሚያህል መሬት ገዙ። አጥሩ ግን ያው የድሮው ነው፣ አልተነካም። አሁን ግቢው ውስጥ የሚኖረው ሰው ሰፍቶልኛል ይላል?»

«አይልም። አጥሩ ካልተገፋ በምን ያውቃል?»

«ይኸው ነው። ሻጮቹ የገለበጡት አጥሩንም ጭምር ነው፣ በነበረበት ልክ። አጥሩን ገፍተን ቤቱን ወደ አዲሱ መሬት ማስቀጠል ነው።»

«ለጋሽ ፍቅሩ አጥር መግፋት አዲስ አይደለም፣ ጎረቤታቸውን ጠይቅ» አለች ሰላም።

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ! ታዲያ ግፋዋ ልጄ፣ ምን ያስቆምሃል?»

የሚያስቆመኝ ነገርማ ነበር። በአሮጌው ግቢና በአዲሱ መሬት መካከል አንዲት ትንሽ ክፍል ተቀምጣለች። ሲስተሙ ሲጫን በራሱ የሚሠራት ናት፤ የማሽኑ ማስታወሻ ሲጨናነቅ ለጊዜው ዕቃ የሚያስቀምጥባት። «እንደ ዘበኛ ቤት ይቁጠሯት» አልኳቸው። «አጥሩ መንገድ ላይ ናት። መፍረስ አለባት፤ ግን ውስጧ የሚያድር ንብረት የለም።»

«ዘበኛውስ የት ያድራል?»

«ሲያልቅ ጥግ ላይ ሌላ እንሠራለታለን።»

ጋሽ ፍቅሩ ሳቁ። እኔ ግን ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። አጥሩ ወደ ውጭ ተጎትቶ አይገፋም። መጀመሪያ ይፈርሳል፤ ከዚያ በአዲሱ ልክ ይታጠራል። ቤቶቹ አይነኩም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ችካል ቀድሞ ከነበረበት ቁጥር በአንዲት ስንዝር ከተዛነፈ ማሽኑ የቤቶቹን በር አያገኝም። ሰባት ሠርግ እዚያው ቆሞ፣ መግቢያ አጥቶ ይቀራል። ይህን ሥራ ሱቄ ውስጥ በባዶ ዲስክ ላይ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ሰው በሚኖርበት ግቢ ላይ ግን ሠርቼው አላውቅም።

የሥራችን የመጀመሪያ ሕግ ቅጂ መያዝ ነው። ጋሽ ፍቅሩ ባዶ ዲስክ ፍለጋ የሚያውቁትን የሠርግ ቪዲዮ ቤት ሁሉ በስልክ አዳረሱ፤ በዚያ ወቅት ግን የማንም ጎተራ ባዶ የለውም። እኔ ላፕቶፔ ላይ የነበረኝን ሁሉ ሰርዤ አንዲት ጠባብ ቦታ አገኘሁ። ከሌንሴ ሠርግ ጥቂት ይይዛል። የኦቦ ቶሌራን ምርቃት ልገለብጥ ስል ሰላም እጄን ያዘችኝ።

«ምንድን ነው የምታደርገው?»

«አባትየው ያሉበትን ነዋ። ዋናው እሱ አይደለም?»

«አይ አንተ ፋራ! ያን እኮ ሰውየው በዓይናቸው አይተውታል፣ ራሳቸው ናቸው የመረቁት። ያላዩትን ነው የሚፈልጉት። ቤተ ክርስቲያኑን ገልብጥ!»

ልክ ነበረች። ተክሊሉን ከአንዱ ካሜራ ብቻ፣ እስከሚችለው ድረስ ገለበጥኩ። የድግሱ፣ የጭፈራው፣ የሌሎቹ የስድስቱ ቤተ ሰቦች መድን ግን የእኔ ጣት ብቻ ነበረች።

ልጀምር ስል ወፍጮው ተነሣ። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ጠፍቶ ሊቀር ሲል ተመለሰ። ያ የወፍጮ ሞተር በተነሣ ቁጥር መብራቱን ሁሉ ወደ ራሱ ይስበዋል። ሰላም ለምዳዋለች፤ ኤዲት መሥሪያዋ በሳምንት ሁለቴ ይጠፋባታል። ድንገት የሚጠፋ መብራትን እንዲያስታግስ የተገዛው ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኗል። እኔ እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ።

«ይሄ ሞተር እየተነሣ እየወደቀ አልሠራም» አልኩ።

ጋሽ ፍቅሩ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወጡ። እኛም ተከተልናቸው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ዱቄቱ እንደ ጉም ተነሥቷል፤ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገዱን ይዟል። ባለ ወፍጮው ነጭ ቅንድቡን እያራገፈ አዳመጣቸውና ወደ ሰልፉ በእጁ ጠቆመ። «እኔ ምን አገባኝ ጋሼ፣ እነሱን ይጠይቁ።»

ጋሽ ፍቅሩ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ሰባት ሠርግ እጄ ላይ ሊሞትብኝ ነው። ይሄ ልጅ ሊያድነው ይችላል፤ ግን ወፍጮው ሲነሣ መብራቱ ይወድቃል። ጥቂት ጊዜ ብቻ ይቁምልኝ።»

«ጾሙ ሊገባ ነው እኮ!» አለች አንዷ። «እኔ ከጧት ጀምሮ ነው የቆምኩት።»

«እኔ ደግሞ ከታጠቅ በእግሬ ነው የመጣሁት። ሽሮዬን ትተህ የሰው ሠርግ ትለኛለህ?»

«የማን የማን ሠርግ ነው ለመሆኑ?» ያሉት በርበሬ የያዙ፣ ወፈር ያሉ እናት ናቸው። ጋሽ ፍቅሩ ሰባቱንም በየሙሽሮቹ እናት ስም ጠሩ። አምስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ሴትየዋ ከረጢታቸውን መሬት ላይ ጣል አደረጉት። «የእቴነሽ ልጅ? እኔ እኮ እዚያ ላይ ጨፍሬያለሁ! ከሙሽራው እናት ጋር ፊት ለፊት! አንተ፣ አቁመው!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ያቺ ከታጠቅ የመጣችው እንኳ «በሉ እሺ፣ የእትዬ ጭፈራ ይጠፋ አይባልም» ብላ ከረጢቷ ላይ ተቀመጠች። ባለ ወፍጮው ማብሪያውን ወደ ታች ሳበ። ሞተሩ እያቃሰተ፣ እየዘገየ፣ ቆመ። ያ ሰፈር እንደዚያ ጸጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። የዶሮ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ችካል ቁጥር በስክሪኑ ላይ አየሁና መዳፌ ላይ በእስክሪፕቶ ጻፍኩት። ለሰላም ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እሷም ከስክሪኑ መልሳ አነበበችልኝ። የዘበኛዋን ቤት ከሥራ አስወጣሁ፤ ማሽኑ ሲነሣ እንዳይፈልጋት ከሚያነበው ዝርዝር ሰረዝኳት፤ ከዚያ አፈረስኳት። ቀጥሎ ለትልቁ ግቢ ሰርዝ የሚለውን ትዕዛዝ ሰጠሁ።

«ሰርዝ ነው እንዴ ያልከው?» ሰላም ከወንበሯ ተነሣች። «አንተ! ሠርጉን ሰረዝከው?»

«አጥሩን ነው። ገና ረቂቅ ነው፣ አጽና እስክለው ዲስኩ ላይ የሚነካ ነገር የለም።»

«እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ላቤን አየኸው?»

አዲስ አጥር ጀምር አልኩ። ከየት ይጀምር? አለኝ። መዳፌን አይቼ ቁጥሩን ጻፍኩ። እስከ የት? እስከ መጨረሻው፣ ለዘበኛው ጥግ ብቻ ትተህ። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ አመጣ፦ እዚህ ቦታ ላይ የቀድሞ ቤት ምልክት አገኘሁ፣ ልፋቀው? ይላል። ቸኩሎ እሺ ያለ ሰው በዚያች ፊደል ሁሉንም ያጣል። ያ ምልክት የሰባቱ ሠርግ የቤት ቁጥር ነው። ሁለቴ አነበብኩት፤ ሰላምም አነበበችው። «አይ በለው» አለች በሹክሹክታ። አይ አልኩት።

ከዚያ አጽና የምትለው አንዲት ፊደል ቀረች። ጋሽ ፍቅሩ ከኋላዬ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰብስበው አንገታቸውን አስግገዋል። ከበሩ ጥግ «የቱ ነው ጭፈራው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሌላ ድምፅ «እሽ!» አለ። መዳፌን ከስክሪኑ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁና ፊደሏን መታኋት።

ማሽኑ አዲሱን አጥር እንዲያውቀው ጠፍቶ መነሣት አለበት። አጠፋሁት። ስክሪኑ ጠቆረ። አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። ጋሽ ፍቅሩ ያን ሁሉ ድምፃቸውን ዋጥ አድርገው «በስመ አብ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ መስመሮቹ መውረድ ጀመሩ፤ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ልክ እንደ ወትሮው፣ በጣም እንደ ወትሮው። ስሜን ጠየቀኝ። ገባሁ። ቤቱን ወደ አዲሱ መሬት አስፋ የሚለውን የመጨረሻውን ትዕዛዝ ሰጠሁት፤ ጥቂት አሰበና ጨረስኩ አለ። ሰላም ከእጄ ማውሱን ቀምታ የሌንሴን ሠርግ ከፈተች፤ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ታየች። ሌላውን ከፈተች። ሦስተኛውን። ሰባቱንም። ከሥራቸው ደግሞ ማሽኑ ግማሽ ያህል ቦታ ባዶ እንደሆነ ይናገራል።

«አለ!» አለች። ቀጥላ ጮኸች፣ «ሁሉም አለ!»

እልልታው ከበሩ ነው የተነሣው። ባለ በርበሬዋ እናት ጀመሩት፤ ሰልፉ ሁሉ ተቀበላቸው። ጋሽ ፍቅሩ እኔን ከነወንበሬ አቅፈው አነሡኝ። ሴትየዋ ግን ሰው ገፋ ገፋ አድርገው ገብተው ጭፈራቸው ካልታየ አልወጣም አሉ። ሰላም አወጣችላቸው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን አዩ፤ «ይሄ ቀሚስ አያወፍረኝም?» ብለው ጠየቁ። ማንም ያወፍራል አላለም። ወፍጮው እንደገና ሲነሣና አምፖሉ ደብዘዝ ሲል ሁላችንም ሳቅን። ያን ቀን ምሳ ጋሽ ፍቅሩ የጋበዙን የጾም በያይነት ነበር፤ ዱቄት ያልነካው አንድም ጉርሻ አልነበረም፣ ከዚያ የሚጥም ምግብ ግን በሕይወቴ በልቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ሰላም ፊልሙን ቅዳሜ ማታ ጨርሳ አወጣችው፤ እሑድ ጋሽ ፍቅሩ ካልሄድክ ብለው ከእሷ ጋር ይዘውኝ ሄዱ። በአስኮ፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን የእንጦጦን ዳገት ጨርሰን የባሕር ዛፉን ጥላ ስናልፍ የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋልን። ሣሩ ቢጫ ሆኗል፤ የድርቆሽ ክምሩ በየደጁ ቆሟል፤ ፀሐዩ እያለ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ትልቅ ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የቅበላ ቀን ነውና ሥጋው፣ አይቡ፣ ቅቤው ተትረፍርፏል፤ ሰው ሁሉ ለሁለት ወር የሚሆነውን ዛሬ ሊበላ የመጣ ይመስላል። ኦቦ ቶሌራ ከፊት፣ ትራስ ተደርጎላቸው፣ ወፍራም ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከጋቢው የሚታየው ፊታቸውና ሁለት እጃቸው ብቻ ነው።

ፊልሙ ተጀመረ። ሌንሴ አጠገባቸው ተቀምጣ በኦሮምኛ ታስረዳቸዋለች፤ እሳቸው ግን «ዝም በይ፣ አያለሁ» ብለው አስቆሟት። ቤተ ክርስቲያኑ መጣ። ዘውዱ በልጃቸው ራስ ላይ ሲደፋ፣ ካህኑም መስቀሉን ይዘው ወደ ካሜራው ሲዞሩ፣ ኦቦ ቶሌራ የወንበሩን እጀታ ያዙና ሊነሡ ሞከሩ። ሁለት ወንዶች ደገፏቸው። ቆሙ፤ ቆባቸውን አወለቁ። ድንኳኑ አንድ አፍታ ግራ ተጋባና ከዚያ ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ። ሽማግሌው፣ ሙሽራው፣ ሥጋ የሚቆርጠው ሳይቀር ቢላዋውን እንደያዘ፣ በቴሌቪዥን ለታየ መስቀል ድንኳን ሙሉ ሰው ቆመ። ሰላም ክንዴን ጨበጠችኝ።

ድግሱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ሆኑ። ጭፈራው መካከል አንድ ረዘም ያለ ሰው ሲዘል አዩና በዱላቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ።

«ይሄ ጉርሜሳ አይደለም? ጉርሜሳ! አጨዳ ስጠራህ እግሬን ያመኛል አላልከኝም?»

ከኋላ አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ሊደበቅ ሞከረ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ኦቦ ቶሌራ ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው፤ ሳሉም መልሶ ሳቅ ሆነ። ፊልሙ ሲያልቅ እጃቸውን አነሡና «ድገሙት» አሉ። «ከመጀመሪያው። ጉርሜሳም ፊት ለፊት ይቀመጥ።»

ሊሸኙን ሲሉ ጋሽ ፍቅሩ ትከሻዬን ይዘው ፊታቸው አቆሙኝ። «ኦቦ፣ ይሄን ሁሉ ያተረፈው ይሄ ልጅ ነው።»

«ምን አድርገህ ነው ኢልማ ኮ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

 «ጠቦ ነበር፣ አስፋሁት» ብቻ አልኩ።

«የነበረው ሳይነካ?»

«ሳይነካ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው አነቃነቅ ነበር። «ጋላቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። መዳፌ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ገና ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አለፈ። ዛሬ የማሰፋቸው ጎተራዎች ያኔ በሕልሜም ያላየኋቸው ናቸው፤ የአንድ ከተማ ሰው ሁሉ ሠርግ ቢደገስ ይይዛሉ። ቅጂ አለ፣ የቅጂ ቅጂ አለ፣ መብራት ቢጠፋ የሚረከብ ሞተር አለ። አብዛኛውን ጊዜ አጥሩ ሲገፋ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሥራውን እንኳ አያቋርጥም። የእኛ ሙያ ጸባዩ እንዲህ ነው፤ ስትሳሳት አገር ያውቃል፣ ሲሳካልህ «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ምንም አልሆነማ። ወጣት ባልደረቦቼ ይሄ ሲያሳዝናቸው አያለሁ። እኔን አያሳዝነኝም። «ምንም አልሆነም» የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቼዋለሁና። ጋቢ ለብሶ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ቆሞ፣ ልጁ ስትዳር የሚያይ አባት ይመስላል።